የሰማይ ኮሶ

ኮሶዬ ላይ ቆሜ የኮሶ ዛፍ ስሻ፣
ከገደሉ አፋፍ እስከ ማሳው መጨረሻ፣
ያገኘሁት ጉቶ፣ ያገኘሁት ስሙን፤
መንደር ስም አይጥልም፣ ቢጥልም ቀለሙን።

የደን ቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ማቀፍ ነው፤
በደረቴ ትክክል ሜትሬን ጠምጥሜ
"ወይራ፣ ዙሪያው መቶ አሥር" ብዬ መጻፍ ነው።
ከዚያ ቀመር አለ፤
ዙሪያው ክብደት ሆኖ፣ ክብደቱ ካርቦን ሆኖ ይመጣል፤
ዛፉ ከአየሩ ላይ ስንት ኪሎ ጭስ እንደጠጣ
እሱ ባይናገር ደብተሬ ያወጣል።

ጉቶው ላይ አረፍ ስል አንድ ሰው ደረሰ፤
ሁለት ማዳበሪያ ከሰል አህያው ላይ ጭኖ፣
እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ ላቡን እያበሰ።
ወደ ጎንደር ነበር፣ ለቅዳሜ ገበያ።
"ቢያድግልኝ እባላለሁ" አለና ሳቅ ብሎ፦
"ከእኔ በፊት አምስት ልጅ አፈር በላባትና
እናቴ ስም ማውጣት ፈራች መሰለኝ፤
ምኞቷን ጠራችው፤ ቢያድግልኝ አለችኝ።

አንቺስ ምን ትለኪያለሽ?"
"ጭስ" አልኩት።
"ጭስማ የት አለ? እንጨቱ እርጥብ ነው።"
"ዛፍ ማለት፣ ወንድሜ፣ የቆመ ጭስ ነው፤
አንተ ግንዱን ስታስተኛው ጭሱ ነው የሚቆመው።
ከፋብሪካው፣ ከመኪናው፣ ካንተም ጉድጓድ ወጥቶ፣
እንደ ድርብ ጋቢ ሰማይ ላይ ተኝቶ፣
አንዴ የገባ ሙቀት ይቀራል ተከትቶ።"

ጥቂት አሰበና፦ "እንዲያማ ከሆነ
ሰማዩን የያዘው የኮሶ ትል ነዋ!
በልቶ የማይጠግብ፣ ገብቶ የማይወጣ፤
ኮሶ ያስፈልገዋል፣
በባዶ ሆድ፣ በማለዳ፣ ተወቅጦ የሚጠጣ።"

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለት ዓመት ሥልጠና፣
ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝምና
ሳቅሁ።
እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊቴን አየት አደረገና፦

"መራራውን ማን ይጠጣ ታዲያ?
እኔ ጉድጓዴን በወር አንዴ ነው የማጨሰው፤
ያ ነጭ መኪናሽ ግን ቆሞም ይተነፍሳል፤
ባሕር ማዶ ያለው፣ ሌት ተቀን የሚያጨሰው፣
እሱም ኮሶ ይቀምሳል፣
ወይስ ዋንጫው ሲዞር እኔ ጋ ብቻ ነው የሚደርሰው?"

ዞር ብዬ አየሁ። ሹፌራችን ደረበ
መስኮቱን ዘግቶ፣ ቅዝቃዜ ከፍቶ ተኝቷል።
"አጥፋው!" ብዬ ጮህኩ።
ሞተሩ ሲጠፋ ነው ጩኸቱ የተሰማኝ።
ለቀረው ጥያቄ ግን
ደብተሬ ስንት ዓምድ አለው፤ አንዱም መልስ አልሰጠኝ።

እሱም አልጠበቀኝ። ስለ ትንኝ አወራኝ፦
"በአባቴ ጊዜ ከአዘዞ ወዲህ አትወጣም ነበር፤
ዘንድሮ ዳገቱን ወጥታ፣ ብርዱን ረስታ፣
ጆሮዬ ሥር አደረች
የልጄን ደም ጠጥታ።"

ከዚያ "ነይ" ብሎ ወሰደኝ፣ ከአሮጌው ጉድጓድ ዳር።
መሬቱ ዛሬም ጥቁር፣ ስብርባሪ ከሰል፤
መሐሉ ላይ አንድ ቡቃያ፣ በእሾህ ተከልሎ፣
ቅጠሉ ጥርስ ሊያወጣ ያለ ሕፃን የሚመስል።
"አልተከልኩትም" አለ፤ "ወፍ ይሁን፣ ነፋስ ይሁን።
ሦስቴ ልነቅለው መጣሁ፣
ጉድጓዱን እንደገና ልሠራበት ብዬ።
ሦስቴም ተመለስኩ፤ ምን እንደያዘኝ እንጃ።
አንዳንዴ ውኃ አመጣለታለሁ፣
ከጎረቤት ተደብቄ፣ ማሰሮ ከጋቢ ሥር አዝዬ።"

ሜትሬን አወጣሁ። ዞረ፣ ዞረ፣ አልያዘውም።
"ከአምስት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ግንድ አይቆጠርም"
ይላል መመሪያው።

እሱ አህያውን ነዳ። ከሰሉ መሸጥ አለበት፤
የልጁ ክኒን፣ ዘይቱ፣ ጨው፣ ሁሉም ለቅዳሜ።
ኮቴው እየራቀ ሄደ ወደ ጎንደር ቁልቁል።
እኔም ከቁጥሮቹ ውጪ፣ በደብተሬ ጠርዝ ላይ፣
ቡቃያው አጠገብ ቆሜ፣
አንዲት ቃል ጻፍኩ፦

ቢያድግልኝ።